ሰው የሚኖርበት ባዶ ቤት

ለክቡር አቶ ጃርላት ኮሚንስ
የካሪግሞር ከተማ ምክር ቤት የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ
ካሪግሞር፣ አየርላንድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለሁለቱ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክረምት ከበጋ ሳይታክት ለሚሠራው ማሞቂያ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በገዛ ቤቴ ጣሪያ በኩል ዝናብ ሲገባ ከጎረቤት መስኮት ሆኜ ከማየቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስተኛው ቢሮዎን አያውቀው ይሆናል ብዬ ነው። ጋዜጣውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ሰልፍ ላይ ቆመው ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

በእኛ ከተማ አለመተዋወቅ ባይቻልም ለደንቡ ያህል ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ኢታ ሂኪ ነው፤ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ይሠራ የነበረው የፊንባር ሂኪ ልጅ። ደብሊን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩት እዚያ አንዲት መኪና ማቆሚያ እንኳ እንደማይገዛልኝ በገባኝ ሰሞን፣ እርስዎ ያሳተሙት የሚያምር መጽሔት እጄ ገባ። ወደ ካሪግሞር ኑ፤ ቤቱ ርካሽ ነው፤ ሥራ ቦታው በእግር ይደረሳል፤ ሕዝቡ ደግ ነው ይላል። በሽፋኑ ላይ አንዲት ወጣት ከውሻዋ ጋር በወንዙ ዳር እየሄደች ትስቃለች። ሳቋ ልቤን ነካው፤ ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ ተወለድኩበት ተመለስኩ። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ወጣቷ የጎረቤታችን የአቶ ማላኪ ዶውድ የእህት ልጅ ስትሆን፣ እዚህ የሚከራይ ቤት አጥታ አውስትራሊያ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ውሻው ግን አሁንም እዚሁ አለ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ከነቁጥሩ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ርካሹ ቤት አመሰግናለሁ። ርካሽነቱ አልተዋሸም። በቆዳ ፋቂዎች መንገድ ቁጥር ዘጠኝ የሚገኘው የሟቿ የኖኒ ፓወር ቤት ከሦስት ዓመት በላይ ነዋሪ ሳይኖረው ቆይቶ፣ ካናዳ ያለው የወንድሟ ልጅ ለሽያጭ ሲያወጣው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ጥሪቴ ለግድግዳውና ለበሩ ልክክ አለ፤ ለጣሪያው ግን አልተረፈም። ይህን መንገድ የመረጥኩት ስለ ወንዙ እይታ አልነበረም። አባቴ ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ በዚያው መንገድ ተወልዶ በዚያው መንገድ በኪራይ ያረጀ ሰው ነበር። ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አከራዩ ቤቱን ስለሸጠበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የአረጋውያን ማቆያ ተወሰደ። ማቆያው ንጹሕ ነው፤ ሾርባውም ትኩስ ነው፤ አባቴም አንድ ቀን አማሮ አያውቅም። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ግን፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን፣ "ኢታዬ፣ ከዚህ እኮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አይሰማም" ይለኛል። እኔም ቤቱን የገዛሁት ደወሉን እንዲሰማ ነው። የጤና ነርሷ እሱን ወደ ቤት ለመመለስ የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ደረጃ ሳይወጣ የሚደርስበት መታጠቢያና ዝናብ የማያስገባ አንድ ክፍል። ሁለት ነገር፣ ክቡር ሆይ። ሦስተኛ ቢጨምሩ ኖሮ እንኳ ባልፈረድኩባቸው።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ የቆየ ቤት ገዝቶ ለሚያድስ ሰው ምክር ቤትዎ ድጎማ እንደሚሰጥ በዚያው መጽሔት አራተኛ ገጽ ላይ ታትሟልና ስለዚህም አመሰግናለሁ። አመለከትኩ። ከውሳኔው በፊት በቤቱ ውስጥ ማደር መብቴን እንደሚያሳጣኝ ስለተነገረኝም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ባለቤት ሆኜ ሳለሁ ከመንገዱ ማዶ በአቶ ማላኪ የእንግዳ ክፍል ተጠግቼ እኖራለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያጣሩ አንዲት ወይዘሮ ላኩልኝ፤ ትሑት ሴት ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ነው የገቡት።

እዚህ ላይ የሰፈሬን ሰዎች ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። የቆዳ ፋቂዎች መንገድ ሰዎች ጨለማ መስኮት ማየት አይሆንላቸውም። ኖኒ ከተቀበረች ማግስት ጀምሮ፣ የቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ማላኪ በሳሎኗ መስኮት ላይ ሲመሽ በራሱ የሚበራ መብራት አኖሩላት። ባለቤታቸው ዲምፕና በየፋሲካው መጋረጃዋን አውርደው አጥበው ይሰቅላሉ። ቤቱን እርጥበት እንዳይበላው ቅዳሜ ቅዳሜ ምድጃዋ ላይ ከሰል ያነዳሉ። በገና ዋዜማ ደግሞ፣ ቤት ያጣ መንገደኛ ቢያልፍ የሚገባበት እንዳለ እንዲያውቅ፣ እንደ ደንባችን መስኮቱ ላይ ሻማ ያበራሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለሞተች ሴት ቤት ነው፤ ያዘዛቸውም የከፈላቸውም የለም።

ታዲያ ወይዘሮዋ ዶሴያቸውን አቅፈው ሲመጡ ማላኪ ከመስኮት አዩዋቸው። በእኛ መንገድ ዶሴ ያቀፈ ሰው ከመጣ ይዞ የሚመጣው ቅጣት ብቻ ስለሆነ፣ ኖኒ ቤቷን ጥላ ሄደች ተብላ በመቃብሯ ልትቀጣ ነው ብለው ደነገጡ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዘራቸውን ረስተው መንገዱን ተሻገሩ። "ባዶ? ማነው ባዶ ያለው?" አሉ። "እሜቴ፣ እኛ ቆመን እያለን የኖኒ ቤት አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም! መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ እሳቱ ጠፍቶ አያውቅም፤ መጋረጃው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከለበሱት ሸሚዝ የነጣ ነው!" ወይዘሮዋ አንዱንም ሳያስቀሩ ጻፉት። ዲምፕና ሻይና የዘቢብ ዳቦ ጨምረው ሸኟቸው። ማላኪም ደረታቸውን ነፍተው ወደ እኔ መጥተው "አይዞሽ ልጄ፣ አፏን አስይዤ ነው የሰደድኳት" አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን "በቤቱ ውስጥ በተከታታይ ሰው ሲኖር መቆየቱ ስለተረጋገጠ" ድጎማው እንደማይሰጠኝ ተጻፈልኝ። ከቢሮዎ ፈጥኖ የደረሰኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ስለሆነ ለፍጥነቱ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል።

ሦስተኛ፣ ሌላ ደብዳቤ እስኪመጣ ብዙ ስላላስጠበቁኝ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዚያው ፎቅ፣ ከዚያው ኮሪደር፣ በዚያው ማኅተም፣ ቁጥር ዘጠኝ ቤት ከሦስት ዓመት በላይ ባዶ ሆኖ በመቆየቱ በባዶ ቤቶች መዝገብ እንደገባና ግብር እንደሚከፈልበት ተነገረኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ይዤ ቢሮዎ መጥቼ መስኮት ቁጥር ሁለት ቀረብኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰው መነጽሩን አስተካክሎ፣ አንዱን አነበበ፤ ሌላውን አነበበ፤ ከዚያም በጣም ደግ በሆነ ድምፅ "ሁለቱም ትክክል ናቸው" አለኝ። እንዴት ሆኖ ብዬ ብጠይቀው "የተጻፉት እኮ በተለያየ ክፍል ነው" አለኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እኔ የተከልኳቸው ሁለት ባላዎች ግን ሁለቱም ተሰብረው እኔው ላይ ወደቁ። በሁለቱ ክፍሎች በር መካከል ያለውን ርቀት ስወጣ ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አራት እርምጃ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። ማላኪ ያደረጉትን ሲያውቁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። "እኔ ነኝ ፊንባርን ከቤቱ ያስቀረሁት" አሉ። አይደለም ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ማግስቱን ጠበቃ ዘንድ ሄደው፣ መብራቱ ለይስሙላ እንደነበረ፣ በቤቱ ከኖኒ ሞት ወዲህ ማንም አድሮበት እንደማያውቅ በመሐላ ፈረሙ። ከቢሮዎ የመጣው መልስ ግን የአቶ ማላኪ ቃል ከማስረጃ ጋር ስለሚጋጭ ተቀባይነት የለውም ይላል። ማስረጃውም ተያይዟል። የኖኒ መስኮት ነው፤ መጋረጃው ነጭ፣ መብራቱ የበራ፣ ከነቀለሙ። ፎቶግራፉን ያነሳው ምክር ቤትዎ ራሱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት መንገዳችን በውብ መንገዶች ውድድር አንደኛ በወጣ ጊዜ። ዋንጫውን ለማላኪ ያስረከቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ በፎቶግራፉ ጥግ ላይ እጃቸውን ጨብጠው ይታያሉ። ዋንጫው አሁንም የማላኪ ምድጃ ራስ ላይ አለ፤ ጽሑፉን ግን ወደ ግድግዳ አዙረውታል።

አንድ ሰው እንኳ በግልጽ "አይሆንም" ቢለኝ ኖሮ ጮኼ፣ ተቆጥቼ፣ ቁርጤን አውቄ በተቀመጥኩ ነበር። በአገራችን ግን አይሆንም ማለት ነውር ነው። እርስዎን ድልድዩ ላይ አገኝዎታለሁ፤ ሥጋ ቤት አገኝዎታለሁ፤ እሑድ በቅዳሴ የሰላም ሰላምታ ስንለዋወጥ በሁለት እጅዎ ጨብጠው፣ አንገትዎን ዘንበል አድርገው "ለእኔ ተዪው ኢታ፣ ለእኔ ተዪው" ይሉኛል። በአራት ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ ተውኩልዎ። ግንበኛው ፓውሪክም ያለ ድጎማውም ቢሆን በዱቤ ጣሪያውን ሊደፍንልኝ "ሰኞ እመጣለሁ" ብሎኛል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ብቻ አልነገረኝም። ነርሷ ያዝኑልኛል፤ መስኮት ቁጥር ሁለት ያለው ሰው ያዝንልኛል፤ ያቺ ወይዘሮ እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ዓይናቸው ይርሳል። ማንን ልጥላ? በየትኛው በር ላይ ልጩህ? ሁሉም ደግ በሆነበት አገር የተበደለ ሰው መላ የለውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እንደሚባለው፣ እኔም እየወቀጥኩ ከረምኩ።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ኑዛዜ ነው። እሑድ እሑድ አባቴን እዋሸው ነበር። "ጣሪያው እንዴት ሆነ?" ሲለኝ "እየደረሰ ነው" እለዋለሁ። "እንግዲያው መቼ ነው?" ሲል "በሚመጣው ወር" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የሰውን ቃል አምኖ የኖረ ሰው ነው። ትንሿን ሻንጣውን አልጋው ሥር አሰናድቶ፣ ጥቁር ጫማውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየቀባ እንደሚያስቀምጥ አስታማሚዎቹ ነገሩኝ። ጫማውን ለማን ነው የምትቀባው ሲሉት "ልጄ ቤት ገዝታለች፤ በጭቃ ጫማ አልገባባትም" አላቸው። ያን ቀን የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ሆኜ የማቆያው ግቢ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ከተማ ተመልሼ አሥራ አንደኛውን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። በጣም ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ነበር።

ስድስተኛ፣ ወደ ቤቴ ስለመጡ አመሰግናለሁ። አባቴ በየካቲት ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶ ሲያበቃ፣ ጫማውን እንዳደረገ ወንበሩ ላይ አረፈ። ቀብር አስፈጻሚው ደውሎ "የት ላምጣልሽ?" ሲለኝ፣ ሳላስበው ቁጥር ዘጠኝ አልኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ከመቀበሩ በፊት ቤቱ ያድራልና። ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ላለው አባቴ በአራት ወር ያላገኘሁትን በር ለአስከሬኑ በአንድ የስልክ ጥሪ አገኘሁት። የነርስ ፊርማ የጠየቀኝ የለም። መታጠቢያው የት ነው ያለም የለም። ድጎማውን የማጣ እንደሆነም ግድ አልሰጠኝም። የሰፈሩ ሰዎች ጣሪያው ላይ ሸራ ወጠሩ፤ ዲምፕና መጋረጃውን እንደገና አጠቡ፤ ማላኪ እሳቱን አነደዱ፤ ከየቤቱ የመጣው ወንበርና ሳንድዊች ሳሎኑን ሞላው። ረቡዕ አባቴ ቤቱ ገባ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ስንጫወት የነበርነው ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ዲምፕና እጃቸውን ሣጥኑ ላይ ጣል አድርገው "ሰማኸው ፊንባር?" አሉት።

እርስዎ የመጡት በዚያው ሰዓት ነበር። ኮትዎን ይዘው ሸራው በሳሳበት ጥግ ተቀመጡ፤ ጠብታው ሻይዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አየሁ፤ እንደዚያው ጠጡት። ስለ ሻዩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሲወጡ በር ላይ እጄን ይዘው "ኢታ፣ የቤቱ ነገር…" ብለው ጀመሩና አቆሙ፤ ከዚያ "ለእኔ ተዪው" አሉኝ። ዓይንዎ ቀልቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ልቆጣዎት ፈልጌ አቃተኝ፤ ምናልባት እርስዎም በዚያች አሥራ አራት እርምጃ ኮሪደር መካከል እንደ እኔ መላ አጥተው የቆሙ ሰው ይሆኑ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። እርስዎ ኃላፊው ካልቻሉ ማን ይችላል?

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስላስተማሩን ትምህርት ነው። ባለፈው ወር በመንገዳችን ላይ ቁጥር አራት ባዶ ሆነ። ማላኪ መብራቱን በእጃቸው ይዘው እስከ በሩ ሄደው ነበር። ጥቂት ቆሙና "ነገ ለሚገዛው ምስኪን ማስረጃ እንዳልሆንበት" ብለው ተመለሱ። ዛሬ የቆዳ ፋቂዎች መንገድ አንድ ጨለማ መስኮት አለው፤ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ የመጀመሪያው ነው። በመጽሔትዎ ላይ ሕዝቡ ደግ ነው የሚለውን መስመር በሚቀጥለው እትም ማረም ካስፈለገ የእኛን መንገድ በምሳሌነት ሊጠቅሱ ይችላሉ።

ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለኝም። ጣሪያው ቢሠራም ባይሠራም የሚገባበት ሰው ገብቶ ወጥቷል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ከሁለቱ ክፍሎች የአንዱ ሠራተኛ አንድ ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ የሌላውን በር ያንኳኳ። ጫማው እንዳይቆሽሽበት ቢፈራ የአባቴን የጫማ ቀለም አውሰዋለሁ፤ ግማሽ ቆርቆሮ ተርፎታል።

በአንዱ መዝገብዎ ነዋሪ ያለባት፣ በሌላው መዝገብዎ ሰው የሌለባት ቤት ባለቤት ሆኜ፣ ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣ በጎረቤት ጣሪያ ሥር ደረቅ የሆንኩት ታዛዥዎ፣

ኢታ ሂኪ
የቆዳ ፋቂዎች መንገድ ቁጥር 9 (ፖስታ ግን በማላኪ በኩል፣ ቁጥር 10)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ልወስድ ስወጣ ከቢሮዎ ሌላ ፖስታ ደረሰኝ። በየካቲት ወር በቁጥር ዘጠኝ ለሁለት ቀን መብራት ሲበራ፣ ጭስ ሲወጣና ብዙ ሰው ሲገባ ሲወጣ መታየቱ ስለተረጋገጠ፣ ቤቱ ሰው ይኖርበታል ተብሎ የተሰጠው ውሳኔ ጸንቷል ይላል። በዚያን ጊዜ በቤቱ ይኖር ስለነበረው ሰው የምሞላው ቅጽም አብሮ ተልኳል። ቢሮዎን ላለማስጠበቅ ማላኪ በር ላይ ቆሜ ሞላሁት። የነዋሪው ስም፦ ፊንባር ሂኪ። የገባበት ቀን፦ ረቡዕ። የለቀቀበት ቀን፦ ዓርብ። ከዚያ በታች ያለው ጥያቄ "ለምን ቀደም ብሎ አልገባም?" ይላል። እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።